ስለ «እሺ» እና ስለ «ይቅር»፤ የኮምፒዩተር መጠየቂያ መስኮት አሠራር

በኮምፒዩተር የሚሠራ ሰው በቀን ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚጠየቅ ቈጥሮ አያውቅም። ፋይሉን ሲዘጋ ይጠየቃል፤ ሲያጠፋ ይጠየቃል፤ ሲያትም ይጠየቃል። ጥያቄው የሚቀርበው በዋናው መስኮት ላይ ተደርባ ብቅ በምትል ትንሽ መስኮት ሲሆን፥ በግርጌዋ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት አዝራሮች ይገኛሉ፤ አንዱ ሥራው ይፈጸም የሚል፥ ሁለተኛው ነገሩ ይቅር የሚል። ይህችን ትንሽ መስኮት የሙያው ሰዎች «ዲያሎግ» ይሏታል፤ እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ መጠየቂያ መስኮት እንላታለን። «አዝራር» ስንልም በስክሪኑ ላይ ተሥሎ በማውስ የሚጫኑትን ማለታችን ነው፤ «ቁልፍ» ያልነው ደግሞ በኪቦርዱ ላይ ያለውን ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

ፕሮግራም መጻፍ የሚማር ተማሪ ሁለቱን አዝራሮች በመስኮቱ ላይ ማኖር የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው ብሎ ያስባል። ማኖሩስ እውነትም የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ዳሩ ግን አዝራሮቹ ለተጠቃሚው የሚሰጡት ቃል አለ፤ ከባዱ ያንን ቃል መጠበቁ ነው። ከሁለቱም ይልቅ የሚያስቸግረው «ይቅር» የሚለው ነው። «እሺ» የታዘዘውን ይፈጽማል፤ ይህን ማንኛውም ጀማሪ ይጽፈዋል። «ይቅር» ግን ተጠቃሚውን ምንም ነገር እንዳልተደረገ አድርጎ ወደ ነበረበት መመለስ አለበት። የአንድ መጠየቂያ መስኮት ጥራት የሚታወቀው በዚሁ በሁለተኛው አዝራር ነው የሚል አሳብ ስላለኝ፥ ይህ እንዴት እንደሚሠራና ሳይሠራ ሲቀር ምን እንደሚከተል በሚቻለኝ መጠን አስረዳለሁ።

የቃሎቹ አመጣጥ

አፕል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1983 ዓ.ም. ሊሳ የሚባል ኮምፒዩተር ለገበያ አቀረበ። ይህ መሣሪያ ገና በመሠራት ላይ ሳለ ለመፈጸሚያው አዝራር የተሰጠው ስም «ዱ ኢት» የሚል ነበር፤ «አድርገው» ማለት ነው። «ኦኬ» የሚለውን ቃል የመንገድ ንግግር መስሎ ስለ ታያቸው ሠሪዎቹ አልወደዱትም ነበር። ላሪ ቴስለር የተባለው መሐንዲስ ኮምፒዩተር የማያውቁ ሰዎችን እያስቀመጠ ሲሞክር፥ ከተሞካሪዎቹ አንዱ መጠየቂያው መስኮት ብቅ ባለ ቊጥር ይበሳጭ ጀመር። ምን እንደ ሆነ ቢጠይቁት፥ ፕሮግራሙ እየሰደበኝ ነው አለ። በእንግሊዝኛ «ዶልት» ማለት ደደብ ማለት ነው። በስክሪኑ የፊደል ቅርጽ ትልቁ «አይ» ከትንሹ «ኤል» ጋር ስለሚመሳሰል፥ በሁለቱ ቃላት መካከል ያለውም ክፍተት ጠባብ ስለ ነበረ፥ ሰውዬው «አድርገው» የሚለውን «ደደብ» ብሎ አንብቦታል። ከዚህ በኋላ «ኦኬ» ተተካ። ታሪኩን ማኪንቶሽን ከሠሩት ሰዎች አንዱ የሆነው አንዲ ኸርትስፌልድ ጽፎታል።

«ኦኬ» ራሱ የቀልድ ልጅ ነው። በ1839 ዓ.ም. አንድ የቦስተን ጋዜጣ «ሁሉ ትክክል» የሚለውን የእንግሊዝኛ ሐረግ ሆነ ብሎ ፊደሉን በማሳሳት ሲያሳጥረው የተገኘ መሆኑን የቋንቋ ተመራማሪዎች ደርሰውበታል። ለጋዜጣ ቀልድ የተፈጠረ ቃል ዛሬ በባንክና በሆስፒታል ኮምፒዩተር ላይ ሥልጣን ያለው ቃል ሆኖ መገኘቱ የሚያስደንቅ ነው። «ካንስል» የሚለው ግን ቁም ነገረኛ ቃል ነው፤ ከላቲን የመጣ ሆኖ በጽሑፍ ላይ እንደ ፍርግርግ መስመር እያሰመሩ ማጥፋትን ያመለክት ነበር። የእኛም «ሰረዘ» ከሰረዝ፥ ማለት ከመስመር ጋር የተዛመደ ስለ ሆነ ሁለቱ ቋንቋዎች በዚህ ተገናኝተዋል። ይህ መገናኘት ለተርጓሚ ወጥመድ መሆኑን ወደ በኋላ እናያለን።

«ይቅር» ሲሉት እውነት ይቀራልን?

የአንድ ትምህርት ቤት ማርክ መመዝገቢያ ፕሮግራምን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። መምህሩ የተማሪውን ስም ሲመርጥ መጠየቂያ መስኮት ይከፈታል፤ በውስጡም የፈተናው ማርክ የሚጻፍበት ሣጥን አለ። መምህሩ 64 የነበረውን 46 ብሎ ከጻፈ በኋላ የከፈተው የሌላ ልጅ መዝገብ መሆኑን ያያል። እንግዲህ «ይቅር» የሚለውን ይጫናል።

ፕሮግራሙ ከሁለት በአንዱ መንገድ ተጽፎ ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያው መንገድ ሣጥኑ በቀጥታ ከመዝገቡ ጋር የተያያዘ ነው፤ መምህሩ አንድ ቁልፍ በነካ ቊጥር መዝገቡም አብሮ ይለወጣል። ይህ ለጸሓፊው በጣም ቀላል ነው፤ ከበስተኋላ ያለው ሰንጠረዥም ወዲያው ሲለወጥ ስለሚታይ ያማረ ይመስላል። ዳሩ ግን እንደዚህ በተጻፈ ፕሮግራም «ይቅር» ማለት መስኮቱን መዝጋት ብቻ ነው። መስኮቱ ይዘጋል፤ ማርኩ 46 እንደ ሆነ ይቀራል። መምህሩ ግን አዝራሩ የገባለትን ቃል አምኖ ልቡ አርፎ ወደ ሚቀጥለው ስም ያልፋል። ስሕተቱን መጀመሪያ የሚያየው ካርዱን የሚቀበለው ልጅ ነው፤ እርሱም ቢሆን የሚያምነው ሰው ማግኘቱ ያጠራጥራል፤ ኮምፒዩተር አይሳሳትም የሚባል አነጋገር አለና።

በሁለተኛው መንገድ መስኮቱ ሲከፈት ፕሮግራሙ የመዝገቡን ግልባጭ ይወስዳል። መምህሩ የሚጽፈው በግልባጩ ላይ ነው። ደብዳቤ የሚያረቅ ጸሓፊ ረቂቁ እስኪፈረምበት ድረስ ዋናውን መዝገብ እንደማይነካ ሁሉ፥ እዚህም ዋናው መዝገብ «እሺ» እስኪባል ድረስ አይነካም። «እሺ» ሲባል ረቂቁ ተመርምሮ ወደ ዋናው ይገለበጣል፤ «ይቅር» ሲባል ረቂቁ ይጣላል። በዚህ አሠራር «ይቅር» የሚለው አዝራር የሚሠራው ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ ጥንካሬውም በዚህ ነው። የሚመልሰው ነገር ከሌለ ሳይመልስ የሚቀረው ነገር አይኖርም።

አንዳንድ ጊዜ ግን የመጀመሪያው መንገድ ግድ ይሆናል። ለምሳሌ የፊደልን መጠን ወይም ቀለምን ለመምረጥ የተከፈተ መስኮት ከሆነ፥ ተጠቃሚው ለውጡን በጽሑፉ ላይ እያየ መምረጥ ይፈልጋል። በዚህ ጊዜ የቀድሞው መጠንና ቀለም ተጽፎ መቀመጥና «ይቅር» ሲባል መመለስ አለበት። ከፕሮግራሙ ውጭ የተደረገም ነገር ካለ እንደዚሁ ነው፤ መስኮቱ ክፍት ሳለ የልጁ ፎቶግራፍ ወደ አንድ ፎልደር ተገልብጦ እንደ ሆነ ያም ፋይል መነሣት ይገባዋል። ብዙ ሰው የሚረሳው ይህንን ነው።

በፓይተን ቋንቋ ለሚጽፉ ተማሪዎች ቲኪንተር ከተባለው የመስኮት መሥሪያ ጋር ተዘጋጅቶ የሚመጣ ዲያሎግ አለ። በውስጡ አራት ክፍሎች ተለይተዋል፤ አንዱ የመስኮቱን አካል፥ ሁለተኛው አዝራሮቹን ይሠራል፥ ሦስተኛው የተጻፈውን ይመረምራል፥ አራተኛው ለውጡን ይፈጽማል። «እሺ» ሲጫን መጀመሪያ ምርመራው ይደረጋል፤ ምርመራው ካላለፈ መስኮቱ ሳይዘጋ ይቀራል። ካለፈ መስኮቱ ይሰወርና መፈጸሚያው ክፍል ሥራውን ይሠራል፤ በመጨረሻም፥ ጀማሪ ሲያነበው የሚያስቀው ነገር፥ የ«እሺ» መመሪያ የ«ይቅር»ን መመሪያ ጠርቶ መስኮቱን ያስዘጋል። ነገሩ ቀልድ አይደለም። በዚህ ዲያሎግ ውስጥ «ይቅር» መስኮቱን ዘግቶ ተጠቃሚውን ወደ ዋናው መስኮት ከመመለስ በቀር ሌላ ሥራ ስለሌለው፥ መዝገብ የሚነካው ነገር ሁሉ በመፈጸሚያው ክፍል ብቻ ተወስኖአል። ከላይ ስለ ረቂቅ የተናገርነው በተግባር ሲውል ይህን ይመስላል።

ስለ ምርመራው አንድ ነገር ላክል። መምህሩ 46 ለማለት 460 ቢጽፍ «እሺ» መስኮቱን ሊዘጋው አይገባም፤ የተሳሳተውን ሣጥን ማሳየት፥ የተጻፈውንም ሳያጠፋ እንዲታረም መተው አለበት። «ይቅር» ግን ፈጽሞ መመርመር የለበትም። ሣጥኑን በትክክል ካልሞላህ አትወጣም የሚሉ ፕሮግራሞች አሉ፤ ሰውዬው የሚወጣው እኮ መሙላቱን ስለ ተወው ነው! በማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ፎርምስ ይህ ጉድለት በቀላሉ ይፈጠራል፤ አንድ አዝራር ሲነካ የቀደመው ሣጥን እንዲመረመር የሚያደርግ ምልክት በእያንዳንዱ አዝራር ላይ ሳይነግሩት በርቶ ስለሚገኝ፥ ለ«ይቅር» አዝራር ማጥፋት የጸሓፊው ፈንታ ነው።

የመውጫው በር ብዛት

መጠየቂያ መስኮት ሁለት አዝራር ቢኖረውም መውጫው ሁለት ብቻ አይደለም። በማዕዘኑ ላይ የመዝጊያው መስቀል ምልክት አለ። በኪቦርዱ ላይ ኤንተርና ኤስኬፕ የሚባሉት ቁልፎች አሉ። ኤስኬፕን በ1960 ዓ.ም. ያስገኘው ቦብ ቢመር የተባለ የአይ ቢ ኤም ሠራተኛ ሲሆን፥ ያን ጊዜ ዓላማው ከአንድ የፊደል ኮድ ወደ ሌላው ለመሸጋገር ነበር፤ ዛሬ ግን ሰው ሁሉ «ከዚህ አውጣኝ» ለማለት ይነካዋል። ኤንተር እንደ «እሺ»፥ ኤስኬፕና መስቀሉ እንደ «ይቅር» እንዲቈጠሩ ማድረግ የተለመደ ሥርዓት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ፕሮግራም የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። በጃቫ ስዊንግ የሚቀርበው የተዘጋጀ መጠየቂያ መስኮት መልሱን በቊጥር ይመልሳል፤ «እሺ» ከሆነ 0፥ «አይ» ከሆነ 1፥ «ይቅር» ከሆነ 2፥ ተጠቃሚው ምንም ሳይመርጥ በመስቀሉ ከዘጋው ደግሞ ከዜሮ በታች 1 ይሆናል። ጸሓፊው «መልሱ 2 ከሆነ ተው፤ አለዚያ ፋይሉን አጥፋ» ብሎ ቢጽፍ፥ ፈርቶ በመስቀሉ የወጣው ሰው ፋይል ይጠፋበታል። ትክክለኛው አጻጻፍ «መልሱ 0 ከሆነ ብቻ አጥፋ» የሚለው ነው። ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች ሲያነቧቸው አንድ ይመስላሉ፤ ጸሓፊው ራሱ አዝራሮቹን ብቻ እየነካ ከፈተነውም ልዩነታቸው አይታየውም።

ዊንዶውስ በአንድ በኩል ይህን አስቦበታል። «አዎ» እና «አይ» ብቻ ያሉበት የመልእክት ሣጥን ሲወጣ መስቀሉ ይደበዝዛል፥ ኤስኬፕም አይሠራም፤ ምክንያቱም ከሁለቱ የትኛው «ይቅር» ማለት እንደ ሆነ ኮምፒዩተሩ ሊያውቅ አይችልም። ጸሓፊው ሰውን በር በሌለው ክፍል ውስጥ ላለማስቀመጥ ከፈለገ «ይቅር»ን ሦስተኛ አድርጎ መጨመር ይኖርበታል።

ስለ አዝራሮቹ ቅደም ተከተል ብዙ ክርክር ተደርጎአል፤ በእኔ አስተያየት ከሚገባው በላይ ነው። በዊንዶውስ «ኦኬ» በግራ «ካንስል» በቀኝ ይሆናል፤ በማኪንቶሽ ደግሞ መፈጸሚያው በቀኝ ጫፍ ነው። በሊኑክስ ላይ ጂኖም የማኪንቶሽን፥ ኬዲኢ የዊንዶውስን ሥርዓት ተከትለዋል። ተጠቃሚውን የሚጐዳው በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ሥርዓቱ ሲቀያየር ነው፤ እጅ ከዓይን ቀድሞ ይሄዳልና። በ2006 ዓ.ም. የወጣው ኪውት 4.2 አዝራሮቹን እንደየአገሩ ሥርዓት ራሱ የሚደረድር ሣጥን አምጥቶአል፤ ጸሓፊው የሚነግረው የትኛው መፈጸሚያ፥ የትኛው መተዊያ እንደ ሆነ ብቻ ነው። በዐረብኛና በዕብራይስጥ ድርድሩ ተገልብጦ ይታያል፤ አማርኛ ግን ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚጻፍ ይህ ጣጣ የለበትም። «ተግብር» የሚል ሦስተኛ አዝራር ሲኖርም፥ አንድ ጊዜ ከተነካ በኋላ «ይቅር» የሚመልሰው ከዚያ ወዲህ የተደረገውን ብቻ መሆኑን ማስታወስ ይገባል።

ጥያቄው ምን ይላል?

እስካሁን የተነጋገርነው ስለ አዝራሮቹ ውስጣዊ አሠራር ነው። ውስጡ የተስተካከለ ቢሆንም ጥያቄው ራሱ ባዶ ከሆነ አዝራሮቹ አያድኑም። ለዚህ ሁለት የታወቁ ነገሮች ምስክር ይሆናሉ።

ነሐሴ (ኦገስት) 11 ቀን 2020 ዓ.ም. የኒው ዮርኩ ሲቲባንክ ሬቭሎን ለተባለው የመዋቢያ ዕቃ ኩባንያ ላበደሩ ሰዎች 7.8 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወለድ ሊከፍል አስቦ 900 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ የራሱን ገንዘብ ላከላቸው። ፕሮግራሙ ፍሌክስኪዩብ ይባላል። ዋናው ገንዘብ ከባንኩ እንዳይወጣ በሦስት ሣጥኖች ላይ ምልክት ማድረግ ያስፈልግ ነበር፤ የተደረገው ግን በአንዱ ብቻ ነው። ሥራው በሦስት ሰዎች እጅ አልፎአል፤ የመጨረሻው ሰው ሲያጸድቅም ማስጠንቀቂያ መስኮት ወጥቶ ነበር። መስኮቱ ገንዘብ ከባንኩ እንደሚወጣ ገልጾ ይቀጥል እንደ ሆነ ጠየቀ፤ ምን ያህል ገንዘብ እንደሚወጣ ግን አልተናገረም። ወለዱም የሚወጣ ገንዘብ ስለ ነበረ ጥያቄው ለትክክለኛው ሥራም ለስሕተቱም እኩል የሚስማማ ነበር። ሰውዬው ቀጥል አለ። ተቀባዮቹ 500 ሚሊዮን ያህሉን አንመልስም ስላሉ ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በየካቲት 2021 ለተቀባዮቹ ተፈረደ፤ ፍርዱ በይግባኝ የተሻረው በመስከረም 2022 ዓ.ም. ነው።

ሁለተኛው በሃዋይ የሆነው ነው። ጥር (ጃንዋሪ) 13 ቀን 2018 ዓ.ም. ጧት፥ ከሌሊቱ ፈረቃ ወደ ቀኑ ፈረቃ ሲተላለፉ ለልምምድ የሚሆን ማስጠንቀቂያ መላክ ሲገባ፥ ሚሳይል እየመጣ ነው የሚል እውነተኛ ማስጠንቀቂያ በደሴቶቹ ለሚገኘው ሕዝብ ስልክ ሁሉ ተላከ። ኮምፒዩተሩ ከመላኩ በፊት ይላክ እንደ ሆነ ጠይቆ ነበር፤ ጥያቄው ግን ለልምምዱም ለእውነተኛውም በአንድ ዓይነት ቃል የተጻፈ ነበር። ላኪው ሠራተኛ እውነት መስሎት እንደ ላከው በምርመራው ስለ ተናገረ፥ ጥያቄው ቢስተካከል ኖሮ ይድን ነበር ለማለት አይቻልም። የሚያሳዝነው የሚከተለው ነው፤ የተላከውን የሚያስተባብል መልእክት ተዘጋጅቶ ስላልነበረ ማስተባበያው በስልኮቹ የደረሰው ከ38 ደቂቃ በኋላ ነው። በዚህ ጊዜ ሰዎች ልጆቻቸውን ይዘው መሸሸጊያ ይፈልጉ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሰው ካላጸደቀ እንዳይላክ፥ የተላከም ማስጠንቀቂያ በፍጥነት እንዲሻር ተደረገ።

ስለዚህ ጥያቄው የሚደረገውን ነገር በስሙና በቊጥሩ መጥራት አለበት። «እርግጠኛ ነዎት?» ከሚለው ይልቅ «ከ9ኛ ሀ ክፍል የ52 ተማሪዎች ማርክ ይጥፋ?» የሚለው ሰውን ያነቃል። በአዝራሩም ላይ «እሺ» ከማለት «ይጥፋ» ማለት ይሻላል፤ ጥያቄውን ያላነበበ ሰው እንኳ አዝራሩን ያነባልና። የሚያጠፋው አዝራር በኤንተር ቁልፍ የሚነካ እንዳይሆን ማድረግም ይገባል፤ ዊንዶውስ ሁለተኛውን አዝራር የኤንተር ለማድረግ የሚያስችል ምልክት አለው።

ቢሆንም ጥያቄ ሲበዛ ይረክሳል። ጀፍ ራስኪን በ2000 ዓ.ም. ባወጣው መጽሐፍ ሰው አንድ ዓይነት ጥያቄ በተደጋገመ ቊጥር መልሱ ልማድ እንደሚሆንበት፥ ልማድ የሆነም ነገር ሳይታሰብ እንደሚደረግ ገልጾ፥ ከመጠየቅ ይልቅ የተደረገውን የመመለስ ችሎታ መስጠት እንደሚሻል ተከራክሮአል። ክርክሩ ሊመለስ ለሚችል ነገር ሁሉ ትክክል ይመስለኛል፤ የተሰረዘ መስመር ተመልሶ መምጣት ከቻለ ሲሰረዝ መጠየቅ ትርፍ ነው። ባንክ የላከው ገንዘብና ሕዝብ ያነበበው ማስጠንቀቂያ ግን እንደ መስመር አይመለሱም፤ መጠየቂያው መስኮት ቦታው እዚያ ነው።

በአማርኛ ሲጻፍ

ፕሮግራሞች ወደ አማርኛ ሲተረጐሙ ለ«ኦኬ» «እሺ» መጠቀም የተለመደ ሆኖአል፤ መልካም ምርጫ ነው። «እሺ» አጭር ነው፤ ሴትና ወንድ፥ አንተና እርስዎ አይለይም። «ካንስል»ን ግን አንዳንዱ «ሰርዝ»፥ አንዳንዱ «ተው»፥ ሌላው «ይቅር» ይለዋል። «ሰርዝ» የሚለው የሚያደናግር ነው። ከላይ እንዳየነው ሰረዘ ማለት በተጻፈ ነገር ላይ መስመር ማሳለፍ ነው፤ ለማጥፊያውም አዝራር ይኸው ቃል ይሠራል። አንድ መስኮት «የመጽሐፉ ትእዛዝ ይሰረዝ?» ብሎ ጠይቆ ከሥሩ «እሺ» እና «ሰርዝ» የሚሉ አዝራሮች ቢያቀርብ ትእዛዙን የሚሰርዘው የትኛው ነው? በእንግሊዝኛም ይህ ጣጣ አለ፤ እኛ ግን «ይቅር» የሚል ንጹሕ ቃል እያለን ልንዋሰው አይገባም። «ይቅር» ገና ያልተደረገ ነገር ሳይደረግ ይቅር ማለት ነው፤ አዝራሩ የሚገባውም ቃል ይኸው ነው።

ከዚህ የሚከብደው የትእዛዝ አንቀጽ ነው። «አጥፋ» ለወንድ፥ «አጥፊ» ለሴት፥ «ያጥፉ» ለሚከበር ሰው ነው። ኮምፒዩተሩ ከፊቱ ማን እንደ ተቀመጠ አያውቅም። ብዙ ትርጕሞች በወንድ አንቀጽ ስለ ተጻፉ ፕሮግራሙ የሃምሳ ዓመት ወይዘሮን «አንተ» ይላታል። ሁሉን በአክብሮት መጻፍ አንድ መፍትሔ ነው፤ ዳሩ ግን ቃሉ ረዘም ይላል። ሌላው መፍትሔ በየመሥሪያ ቤቱ ማመልከቻ ጥግ ላይ ስናየው የኖርነው ነው። ሹሙ «ይፈጸም»፥ «ይከፈል»፥ «ይታይ» ብሎ ይጽፋል፤ ማን እንደሚፈጽመው ሳይጠራ ትእዛዙ ይተላለፋል። አዝራርም እንዲሁ «ይላክ»፥ «ይቀመጥ»፥ «ይታተም»፥ «ይጥፋ» ቢል ከ«ይቅር» ጋር በአንቀጽም በልክም ይስማማል፤ ማንንም አያዋርድም።

«አዎ» እና «አይ»ን በሚመለከት ደግሞ ጠባዩ የተለየ ችግር አለ። እኔ በተማርሁበት የሚስዮን ትምህርት ቤት የውጭ አገር መምህራን «የቤት ሥራህን አልሠራህም?» ብለው በእንግሊዝኛ ሲጠይቁ፥ አዲስ ገቢ ተማሪ «አዎ» ብሎ ይመልሳል፤ አልሠራሁም ማለቱ ነው። መምህሩ ግን ሠርቶአል ብሎ ደብተሩን ይጠብቃል። በአማርኛ «አዎ» ከጠያቂው አነጋገር ጋር መስማማትን ሲያሳይ፥ በእንግሊዝኛ ግን መልሱ የሚከተለው የነገሩን እውነትነት ነው። እንግዲህ «ለውጦቹን ማስቀመጥ አይፈልጉም?» የሚል የእንግሊዝኛ ጥያቄ ቃል በቃል ተተርጕሞ ከሥሩ «አዎ» እና «አይ» ቢደረግ፥ ሁለቱ ቋንቋዎች ተቃራኒ መልስ ይሰጣሉ፤ የሰውዬውም ሥራ ሳይቀመጥ ይቀራል። በአማርኛ በአሉታ አለመጠየቅ፥ ይልቁንም በአዝራሮቹ ላይ «ይቀመጥ»፥ «አይቀመጥ»፥ «ይቅር» ብሎ መጻፍ ችግሩን ከሥሩ ይነቅለዋል።

በአዝራር ስም ሥር ስለሚሰመርባት ፊደልም ጥቂት እንበል። በእንግሊዝኛ አልት ከተባለው ቁልፍ ጋር የተሰመረባትን ፊደል ቢነኩ አዝራሩ ይታዘዛል። በብዙዎቹ የአማርኛ አጻጻፍ ስልቶች ግን አብዛኛው ፊደል የሚወጣው ሁለት ቁልፎች ተከታትለው ሲነኩ ስለ ሆነ፥ እያንዳንዱ ፊደል ከአልት ጋር በአንድ ጊዜ ሊነካ የሚችል የራሱ ቁልፍ የለውም። ስለዚህ ኤንተርና ኤስኬፕ ለአማርኛ ተጠቃሚ ከሌላው ይበልጥ ያስፈልጉታል ማለት ነው፤ በማውስ መጠቀም የማይችል ሰው ደግሞ በታብ ቁልፍ ከአዝራር ወደ አዝራር መሻገር መቻሉ መፈተን ይኖርበታል።

ተርጓሚዎችን ብቻ መውቀስ አይገባም። በትርጕም ፋይል ውስጥ «ካንስል» የሚለው ቃል ከጥያቄው ተነጥሎ ብቻውን ተጽፎ ስለሚገኝ፥ ተርጓሚው ከየትኛው መስኮት ግርጌ እንደሚቀመጥ አያይም። ጌትቴክስት የተባለው የትርጕም መሣሪያ ለዚህ የሚሆን ቦታ አለው፤ የፕሮግራሙ ጸሓፊ በእያንዳንዱ ቃል አጠገብ ለተርጓሚው ማስታወሻ ሊጽፍ፥ አንዱንም ቃል በሁለት አገባብ ለይቶ ለሁለት ትርጕም ሊያቀርብ ይችላል። ማስታወሻው «ይህ አዝራር የመጽሐፍ ትእዛዝ በሚሰረዝበት መስኮት ላይ ያለ ሲሆን፥ ሲነካ ትእዛዙ ሳይሰረዝ ይቀራል» የሚል አንድ መስመር ቢሆን ይበቃል።